ስሙ የማይታወቅ ትንሽ የሸራ ጀልባ ከመግዛት በፊት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር፣ ዘጌ ወይም ቁንዝላ አካባቢ ያገለገለ የሸራ ጀልባ አግኝታችሁ «ልግዛው ወይስ ይቅርብኝ» እያላችሁ ለምታመነቱ።

ለመሆኑ ጣና ላይ በሸራ መሄድ ይቻላል?

በደንብ ይቻላል። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ከደቅ ደሴት በቀር መሐሉ ላይ ነፋስ የሚጋርድ ትልቅ ነገር የለም። ቁም ነገሩ ሰዓቱ ላይ ነው። ጠዋት ውሃው አብዛኛውን ጊዜ ጭጭ ይላል። ገዳማቱን ለመሳለም የሚወጣ ሰው በጠዋት ተነሥ የሚባለውም ለዚህ ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፤ ማዕበሉም ተከትሎት ይመጣል። የሞተር ጀልባ ተሳፋሪ የሚያማርርበት ይህ ሰዓት ለሸራ ጀልባ ሠርግና ምላሽ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። ሐይቁ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው። እዚህ የሚነፍስ ነፋስ ፍጥነቱ ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ጋር እኩል ቢሆን እንኳ ሸራውን የሚገፋበት ጉልበት በ15 በመቶ ያህል ያንሳል። ስለዚህ ሸራው ትንሽ፣ ገላው ከባድ የሆነ ጀልባ ጣና ላይ ይለግማል።

ስሙን ማንም የማያውቀው ጀልባ መግዛት ሞኝነት አይሆንም?

አይሆንም። እንደ ሌዘር፣ ኦፕቲሚስት፣ ሚረር ያሉት ባለስም ጀልባዎች አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ የሚፈለጉት በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ አንድ ዓይነት ጀልባ ያላቸው ሰዎች እርስ በርስ ይወዳደሩባቸዋል። ሁለተኛ፣ የተሰበረው ዕቃ ሱቅ ገብቶ ይገዛል። እኛ ዘንድ ሁለቱም የሉም። ባሕር ዳር ላይ የሌዘር መሪ የሚሸጥ ሱቅ ብትፈልጉ አታገኙም፤ ስም የሌለው ጀልባ መሪም እንደዚያው። ስለዚህ ለስም ተጨማሪ ገንዘብ የምትከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም።

እዚህ ዋጋ ያለው የጀልባው ጤንነትና የዕቃው መሟላት ነው። የጎደለውን እዚሁ አናጺ፣ ብየዳ ቤት ወይም ሸራ ሰፊ ይሠራዋል ወይ? ከታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚዞሩት በዚህ ጥያቄ ዙሪያ ነው።

ለጣና የሚሆነው ምን ዓይነቱ ነው?

ለጀማሪ ከሦስት ተኩል እስከ አምስት ሜትር ርዝመት ያለው ክፍት ጀልባ ይበቃል። ከርዝመቱ ይልቅ ግን ከሥሩ ያለውን ነገር እዩ። አብዛኛው የሸራ ጀልባ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ከሆዱ ሥር ወደ ውሃ የሚወርድ ክንፍ አለው። ይህ ክንፍ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ እንደ ቢላ ከላይ ወደ ታች ይሰካል። ሌላው በብሎን ዙሪያ እየዞረ ይታጠፋል። ሦስተኛው ከገላው ጋር የተጣበቀና የማይነሣ ነው።

ለእኛ የሚሻለው ታጣፊው ነው። የጣና ጥልቀት የትም ቢሆን ከ15 ሜትር ብዙም አይዘልም፤ ዳር ዳሩ ደግሞ ረጅም መንገድ ጉልበት ድረስ ብቻ ነው። በተለይ ግልገል አባይ ደለሉን በሚያፈስበት በኩል መሬት መንካት የዘወትር ነገር ነው። ታጣፊ ክንፍ መሬት ሲነካ ራሱ ወደ ኋላ ይነሣል። የሚሰካው ግን ወይ ይሰበራል ወይ የገባበትን ሽንቁር ይሰነጥቃል። የማይነሣውን ተዉት። የመስከረምና ጥቅምት የውሃ ከፍታ ከግንቦትና ሰኔው በአንድ ሜትር ተኩል ያህል ይበልጣል። መስከረም ላይ ያሰራችሁትን ጀልባ ግንቦት ላይ ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ታገኙታላችሁ።

መሪውም ወደ ላይ የሚታጠፍ ቢሆን ደግ ነው። ደንገሉም እምቦጩም ይጠመጠሙበታል። እምቦጭ ክፉኛ የተንሰራፋው በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ ቢሆንም ነፋስ እየገፋ ወዲህም ያመጣዋል።

ጀልባው ምን እንደሆነና መቼ እንደተሠራ እንዴት አውቃለሁ?

ከኋላ ቆማችሁ የኋላ ግድግዳውን የቀኝ የላይ ጥግ እዩ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከ1972 መጨረሻ ወዲህ የተሠራ ጀልባ እዚያ ላይ 12 ፊደልና ቁጥር ተቀርጾበታል። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አምራቹን ይናገራሉ። ከ1984 ወዲህ ለተሠሩት የመጨረሻዎቹ ሁለት ቁጥሮች የሞዴሉ ዓመት ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1998 ወዲህ ለአውሮፓ ገበያ የተሠሩት ደግሞ አብዛኞቹ 14 ፊደልና ቁጥር አላቸው፤ መጀመሪያ ላይ የሚመጣው የአገሩ ምልክት ነው። ቀለም ከሸፈነው በጥፍር ዳስሱት፣ ወይም የስልክ መብራት ከጎን አብሩበት፤ ጥላው ያወጣዋል። ዘመኑ የፈረንጅ መሆኑን አትርሱ። 84ን አይቶ «የ84 ዓ.ም. ነው» የሚል ደላላ አይጠፋም፤ እንዲህ ሲል ጀልባውን በሰባት ስምንት ዓመት ወጣት አደረገው።

ቁጥር ከሌለ ሸራውን ዘርጉ። ላይኛው ክፍል ላይ ያለው ምልክት የጀልባውን ዓይነት፣ ከአገሩ ፊደሎች ቀጥሎ ያለው ቁጥር የስንተኛነቱን ተራ ያሳያል። ፊደሉ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ማለትም እንግሊዝ በኬ፣ ፈረንሳይ በኤፍ፣ ጣሊያን በአይ ከተጻፈ፣ ሸራው እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የነበረውን አጻጻፍ የያዘ አሮጌ ነው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ፊደል ሆኗል። ሸራና ጀልባ ግን ሊቀያየሩ ይችላሉ። ሸራው ላይ ያለውን ምልክት ብቻ አይታችሁ አትማሉ።

ለማየት ስሄድ ምን ልያዝ?

ሜትር፣ የአንድ ብር ሳንቲም፣ ጠፍጣፋ ካቻቢቴ፣ ቁራጭ ጨርቅ፣ ባትሪው የሞላ ስልክ። ከተገኘ አንድ ጓደኛ፤ ለማንሣትም፣ ሻጩ ወሬ ሲያበዛ ለማስያዝም ይጠቅማል።

ገላው ጤነኛ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ጎጃሜ በሬ ሲገዛ ጥርሱን ገልጦ፣ ጎኑን ዳስሶ፣ አስሂዶ አይቶ ነው። ጀልባም እንደዚያው በእጅ ይገዛል። መጀመሪያ አስገልብጡትና በሳንቲሙ ጠርዝ መላ ሆዱን ቀስ እያላችሁ አንኳኩ። ጤነኛ ፋይበር ጠንከር፣ ቀጠን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ድምፁ በድንገት ደንዘዝ ካለ እዚያ ጋ ፋይበሩ ተላቋል ወይም ውስጡ ውሃ ገብቷል። ቦታውን በእርሳስ ክበቡትና ቀጥሉ። ስትጨርሱ የእርሳሱ ክብ የት የት እንደተሰበሰበ እዩ። አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ ይጠገናል። በሆዱ መሐል ለመሐል ተደርድሮ ከታየ ግን ጀልባው ለዓመታት ድንጋይ ላይ ሲጎተት ኖሯል ማለት ነው።

ቀጥሎ ቀና አድርጉትና ጫማ አውልቃችሁ ላዩ ላይ ውጡ። ሲረገጥ ልስስ የሚል ቦታ ካለ ከሥሩ ያለው እንጨት ወይም ፎም በስብሷል። ምሰሶው የሚቆምበትን ሥፍራ፣ ምሰሶውን ደግፈው የሚይዙት ሽቦዎች የሚታሰሩባቸውን ብሎኖችና የክንፉን ሽንቁር ለየብቻ መርምሩ። ከብሎን ዙሪያ እየፈነጠቁ የሚወጡ ስስ ስንጥቆች ጉልበት እንደበዛበት ይናገራሉ። ሌላ ቦታ ያለ ጭረት ግን መልክ ነው፤ ዋጋ ለማስቀነስ ተጠቀሙበት እንጂ አያስፈራችሁ።

ቀለም ያልተቀባ ከሆነ ደግሞ አንዳችሁ ከውስጥ የስልክ መብራት አብሩ፣ አንዳችሁ ከውጭ ተመልከቱ። ፋይበር ብርሃን ያሳልፋል። የተለጠፈው ቦታ ጠቆር ብሎ ይታያል። ለጥፎ በስቱኮ የደፈነውን ሁሉ ይህች ዘዴ ታጋልጠዋለች።

ሆዱ ላይ ፊኛ ፊኛ ነገር አለ። ምንድን ነው?

ጀልባው ውሃ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥ ውሃው ላዩን ሽፋን አልፎ ይገባና ከሥሩ ይቋጥራል። ቢወጋ ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸት ፈሳሽ ይወጣዋል። «ይህ የጨው ባሕር በሽታ ነው፣ ጣና ላይ አይኖርም» የሚሉ አሉ፤ እውነት አይደለም። ጨው የሌለው ውሃ እንዲያውም ይብሳል። ጥቂት ፊኛ አይገድለውም። በጋውን ደርቆ፣ ተፍቆ፣ ተሞልቶ ይድናል። ለአንድ ወቅት ግን ጀልባ የላችሁም ማለት ነው፤ ይህን ዋጋው ውስጥ አስቡ።

«ውሃ ጠጥቷል» የሚባለውስ?

ትንንሽ ጀልባዎች እንዳይሰጥሙ ጎንና ጎናቸው የታሸገ የአየር ክፍል ወይም ፎም አለው። በስንጥቅ ውሃ ሲገባ ፎሙ ይጠጣና አይለቅም። ያኔ ጀልባው ይከብዳል፣ ይዘገያል፣ ሲገለበጥም ለማቃናት አስቸጋሪ ይሆናል። ከውጭ አይታይም። የሚያጋልጠው ሚዛን ብቻ ነው።

የእህል መጋዘን ወይም ወፍጮ ቤት ያለውን ሚዛን ተጠቀሙ። መጀመሪያ አፍንጫውን ሚዛኑ ላይ፣ ጭራውን በዚያው ከፍታ ድንጋይ ላይ አሳርፉ። ቀጥሎ አዙሩት። ሁለቱን ቁጥሮች ስትደምሩ ክብደቱን ታገኛላችሁ። ለማነጻጸር ያህል፣ 4.2 ሜትር የሆነው ሌዘር ባዶ ገላው 59 ኪሎ ነው። 4.8 ሜትር የሆነው ሰፊው ዌይፋረር 170 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። የእናንተው አራት ሜትር ሆኖ 200 ኪሎ ከመጣ ውስጡ ሐይቅ አለ።

የአየር ክፍሉን ለመፈተሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳው ላይ ጎማ ቱቦ ይዛችሁ በአፍ ንፉ፤ ጓደኛችሁ መገጣጠሚያው ላይ የሳሙና አረፋ ይቀባ። አረፋ የሚነፋበት ቦታ ቀዳዳ አለው። በአፍ ነው ያልኩት። የጎሚስታ ኮምፕሬሰር የሚያመጣ ሰው ካለ አስቁሙት፤ መገጣጠሚያውን ይፈለቅቀዋል።

ምሰሶውና ሽቦዎቹ ላይ ምን ልይ?

ምሰሶውን ሜዳ ላይ አንከባሉት። ከተጣመመ ይዘላል። አሉሚኒየም ከሆነ የስቴንለስ ብሎንና ሪቬት የተመታበትን ቦታ እዩ። ነጭ ዱቄትና እብጠት ካለ ሁለቱ ብረቶች እየተበላሉ ነው። ዱቄቱን ጥረጉና ካቻቢቴውን ጫን አድርጉበት፤ ከገባ ምሰሶው አልቋል። አሉሚኒየም የሚበይድ አርጎን ያለው ቤት ይገኛል፤ ግን የተበየደ ምሰሶ ብየዳው አጠገብ ይለሰልሳል። መሐሉ ላይ የተበየደ ምሰሶ አልወድም።

ሽቦዎቹን በጨርቁ ይዛችሁ ከላይ እስከ ታች ሳቡ። ጨርቁን የሚይዝ ክር ካለ አንዷ ጅማት ተበጥሳለች፤ ሌሎቹም ተራ ይዘዋል። አንዳንዱ በሞተር ሳይክል የፍሬን ካቦ ይተካዋል። አይሆንም። ምሰሶ የሚወድቀው ነፋሱ ሲበረታ፣ እናንተ ከሥሩ ተቀምጣችሁ ነው።

ሸራው አርጅቷል ወይስ ገና ነው?

ሸራ የሚገድለው ፀሐይ ነው፤ የእኛ ፀሐይ ደግሞ ከፍታው ላይ ስለሆንን ይከፋል። ጀልባው ደጅ የዋለው ሸራው ምሰሶ ላይ እንደተጠቀለለ ከሆነ ተጠራጠሩ። ስፌቱን በጥፍራችሁ ፈልቀቅ አድርጉት። ክሩ እንደ ምንም ከተበጠሰ ክሩ ነው ያረጀው፤ ይህ ቀላል ነው፣ ሸራ ሰፊ በወፍራም ናይለን ክር ይደግመዋል። ቀጥሎ የማይጎዳ ጠርዝ ላይ ጨርቁን በሁለት እጅ ሳቡት። ጨርቁ ራሱ ከተቀደደ ጨርሶ ሞቷል።

ሸራው የሞተ ጀልባ በሙሉ ዋጋ አይገዛም፤ አዲሱ ከውጭ የሚመጣ ነው። ለመለማመጃ ያህል ከቀላል ፕላስቲክ ሸራ ማሰፋት ይቻላል፤ በውጭ አገርም ጀልባቸውን ራሳቸው የሚሠሩ ሰዎች ያደርጉታል። የጭነት መኪና ሸራ ግን ከባድ ነው፤ ጀልባውን ይገለብጠዋል። አሮጌውን አትጣሉት፤ ለሰፊው ልክ ይሆነዋል።

የጎደለ ዕቃ አለው። የትኛው እዚህ ይሠራል?

መሪና ክንፍ እንጨት ከሆኑ ጎበዝ አናጺ ይሠራቸዋል። ዋንዛ አምጡለት። ቀላል ነው፣ ሲደርቅ ብዙም አይጣመምም። ባሕር ዛፍ ይሰነጠቃል፣ ይጣመማል፤ በርካሽነቱ አትታለሉ። ገመድ ገበያ ሞልቷል። የስቴንለስ ማጠፊያና መያዣ ናሙና ካለ ብየዳ ቤት ይቀርጸዋል።

ምሰሶ ከሌለው ግን ቆም ብላችሁ አስቡ። ቀጥ ያለ፣ ቀላል፣ ረጅም የአሉሚኒየም ቱቦ ማግኘት ፈተና ነው። የውሃ ቧንቧ ብረት መፍትሔ ይመስላል፤ ክብደቱ ግን ላይ ላይ ስለሚሆን ጀልባው ይንገዳገዳል። «ምሰሶው አዲስ አበባ አለ፣ ይመጣል» ከተባላችሁ ሲመጣ ግዙ።

የኮምፔንሳቶ ጀልባ ከሆነስ?

አትሽሹት። ሚረር የተባለው እ.ኤ.አ. በ1962 የተነደፈ እንግሊዛዊ ጀልባ ከኮምፔንሳቶ ነው የሚገጣጠመው፤ በአሥር ሺዎች ተሠርቷል። ፈተናው ካቻቢቴ ነው። ጥጋጥጉን፣ የሆዱን ስፌትና የወንበሩን ሥር ወጋ ወጋ አድርጉ። ደረቅ እንጨት ይመልሳችኋል፤ የበሰበሰ ይቀበላችኋል። እዚህ አገር አናጺ ከፋይበር ይልቅ እንጨት ያውቃል፤ ይህ ራሱ አንድ ጥቅም ነው።

ስንት ሰው ይጭናል?

አውሮፓ ሠራሽ ከሆነ ውስጡ ላይ ትንሽ ታርጋ ፈልጉ። የሰው ብዛት፣ የሚሸከመው ኪሎና አንድ የላቲን ፊደል ተጽፎበታል። ፊደሉ ዲ ከሆነ የተሠራው በሰዓት እስከ 28 ኪሎ ሜትር ለሚነፍስ ነፋስና 30 ሴንቲ ሜትር ለሚደርስ ማዕበል ነው። ሲ ከሆነ እስከ 49 ኪሎ ሜትርና ሁለት ሜትር ማዕበል። የከሰዓቱን ጣና የሚያውቅ ሰው ዲ የተጻፈበትን ጀልባ ይዞ ወደ ደቅ አይነሣም። ዳር ዳሩን፣ በጠዋቱ ነፋስ ይበቃዋል።

ታርጋ ከሌለው ጥልቀት በሌለው ቦታ ለመውሰድ ያሰባችሁትን ያህል ሰው ጫኑና ጠርዙ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ እዩ። ሻጩ «አሰብ እያለን ስድስት ሰው ይጭን ነበር» ቢላችሁ፣ ጨው የሌለው ውሃ ጀልባን የሚሸከመው ከባሕር ውሃ ትንሽ አሳንሶ ነው። ላይፍ ጃኬት በጀልባው ዋጋ ውስጥ ቁጠሩት። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ።

ሞተር ልጨምርበት?

ነፋስ ሲሞት ለመመለስ ትንሽ ሞተር ትረዳለች። ሆኖም የኋላ ግድግዳው ለሞተር ያልተሠራ ጀልባ ብዙ ነው፤ በብሎን ከመጨፍለቁ በፊት ውፍረቱን እዩ። ቤንዚን ሞተር በእኛ ከፍታ ከጉልበቱ ከስድስት አንድ እጁን ያህል ያጣል፤ ካርቡሬተሩም ካልተስተካከለ ያጨሳል። እኔን ከጠየቃችሁኝ ለጀማሪ ሁለት መቅዘፊያ ይሻላል። በተለይ ጨራ ጨራ፣ አባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል፣ ነፋስ አልባ ሆኖ መንሳፈፍ አያዋጣም። ጉማሬውም እዚያው ነው።

ዋጋው ተገቢ መሆኑን በምን ልመዝን?

የሚያነጻጽሩት ገበያ የለም። ስለዚህ ተቃራኒውን ሥሩ። ተሟልቶ ጤነኛ ቢሆን ስንት እንደምትከፍሉ ወስኑ። ከዚያ የሞተውን ሸራ፣ የጎደለውን ሽቦ፣ የአናጺውን፣ የጥገናውንና ከቆመበት ቦታ በአይሱዙ የማስጫኛውን ወጪ አንድ በአንድ ቀንሱ። የቀረው ነው ዋጋችሁ። ሻጩ «አውሮፓ ይህን ያህል ይሸጣል» ሲል መልሱ ቀላል ነው፤ እዚያ ገዢ አለ፣ እዚህ ነገ ልሽጠው ብትሉ ተቀባይ ለማግኘት ወራት ሊፈጅባችሁ ይችላል።

አዲስ ቀለም ተቀብቷል። ጥሩ ምልክት ነው?

ለሽያጭ ሲባል የተቀባ ቀለም ሁሉ ጥያቄ ነው። ሻጩን ከመቀባቱ በፊት የተነሣ ፎቶ ጠይቁ። ከሌለው በሳንቲም ማንኳኳቱን ድገሙ፣ ሚዛኑንም አትተዉ። ድምፅና ክብደት በቀለም አይሸፈኑም።

ወረቀቱስ? ሻጩ «የድርጅት ነበር» ብሎኛል።

እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። እንዲህ ዓይነት ጀልባ አብዛኛውን ጊዜ የሚገባው ከውጭ በመጣ ሰው ወይም ተቋም አማካይነት ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ ከሆነ መብቱ የሌለው ሰው ሲገዛው ቀረጡ ይመጣል። የጉምሩክ ዲክላራሲዮኑን በዓይናችሁ እዩ። «ቢሮ ነው፣ ይላካል» የሚባል ወረቀት ወረቀት አይደለም። ቀረጡን ማን እንደሚከፍል ውሉ ላይ ይጻፍ።

ውሉ ውስጥ «አንድ ጀልባ» ብቻ አታስጽፉ። የገላውን ቁጥር፣ ርዝመቱን፣ ምሰሶ፣ ሸራ፣ መሪ፣ ክንፍ እያላችሁ ዘርዝሩ። ምስክሮች ይኑሩ፤ ውልና ማስረጃ ሄዳችሁ ብታጸድቁት ይመረጣል። የሐይቁን ትራንስፖርት የሚቆጣጠረውን መሥሪያ ቤትም ምዝገባ ስለሚጠይቀውና እንቅስቃሴ ስለሚከለከልበት ሰዓት ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁት።

ሌላ ገዢ አለ ብለው ቀብድ እየጠየቁኝ ነው፤ ውሃ ላይ ግን ገና አልሞከርኩትም። ምን ላድርግ?

ሌላው ገዢ ሁልጊዜ አለ። ማንነቱ ግን አይታወቅም። ቀብድ በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀልድ አይደለም፤ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ ሰጪው ሐሳቡን ከቀየረ ያጣዋል፣ ተቀባዩ ካፈረሰ እጥፍ ይመልሳል። ስለዚህ መክፈል ካለባችሁ ጽሑፉ ላይ አንድ መስመር አስገቡ፦ «በውሃ ላይ ተሞክሮ ውሃ የሚያስገባ ወይም መቃናት የማይችል ሆኖ ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ ይመለሳል»።

ሙከራው ራሱ ግማሽ ቀን አይፈጅም። ደረት በሚደርስ ውሃ ውስጥ ሸራውን ስቀሉ፣ ላይፍ ጃኬት ልበሱና ጀልባውን አውቃችሁ ገልብጡት። ክንፉ ላይ ተንጠልጥላችሁ አቃኑት። ከተቃና በኋላ ውስጡ የቀረው ውሃ በባልዲ ተቀድቶ የሚያልቅ መሆኑን እዩ። ከዚያ አንድ ሰዓት ያህል ሂዱበትና ወደ ዳር አውጥታችሁ የአየር ክፍሉን መውጫ ክፈቱ። ጠብታ ቢወጣ ምንም አይደለም። ባልዲ ከሞላ ቀብዱን ተቀበሉና ወደ ቤታችሁ ሂዱ። ሻጩ ይህን ሙከራ እንቢ ካለ መልሱን ሰጥቷችኋል።